መተማ ላይ የተሸነሸነ ዲስክ

መተማ ዮሐንስ ከጉምሩኩ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ዳር የኮምፒውተር ጥገናና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቤት ማለቴ ለወግ ነው እንጂ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። በሯ ላይ እኛ ራኩባ የምንላት የሣር ዳስ አለች፤ በሐሩሩ ወራት ሥራዬን ሁሉ አውጥቼ እሷ ሥር ነው የምሠራው። ጥላ ያየ ሁሉ ይመጣል። እኔ ደግሞ ሳይሠራ የሚቀመጥ ሰው አልወድም፤ እናቴ "አንተ ልጅ ፊትህ እንግዳ ያባርራል" የምትለኝ ወድዳ አይደለም። ስለዚህ አንድ ቀን ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ላፕቶፕ ታቅፈው መጥተው "ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ መብራት ብቻ ነው የምፈልገው" ሲሉኝ ሶኬቱን ያሳየኋቸው በአገጬ ነበር።

ጦርነቱን ሸሽተው ከካርቱም በጋላባት በኩል የተሻገሩ ሰው ናቸው። እዚያ ጎረቤቶቻቸው ሐበሾች ስለነበሩ አማርኛ ይናገራሉ። ሰፈሩ ስማቸውን ሳይጠይቅ "ኡስታዝ" አላቸው፤ መምህር እንደ ማለት ነው። መምህር ግን አልነበሩም። ጠጉራቸው እስኪሸብት ድረስ ባንክ ውስጥ ሜይንፍሬም የሚባለውን ትልቅ ኮምፒውተር ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። እኔ ሜይንፍሬምን የማውቀው ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ነው፤ ድሮ ሞቶ የተቀበረ ይመስለኝ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ "የሞተው እኔ የማውቀው ካርቱም ነው፤ እሱስ አለ" አሉኝና ላፕቶፑን ከፈቱ። ያን ቀን በአገጬ ስለ መለስኩላቸው አፈርኩ።

ላፕቶፑ ውስጥ ሜይንፍሬም መስሎ የሚሠራ መለማመጃ ጭነዋል። የሚለማመዱት ለፈተና ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገር ያለ አንድ ኩባንያ በሜይንፍሬሙ ውስጥ ለሚኖሩት ቨርቹዋል ማሽኖች ዲስክ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል። በተቆረጠው ቀን በኢንተርኔት ገብተው ዲስኮቹን ከፋፍለው፣ ማሽኖቹን አስነሥተው ማሳየት አለባቸው። ካለፉ ኩባንያው ከነባለቤታቸው ይወስዳቸዋል። ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ የሚኖሩት ደግሞ በመጠለያው ድንኳን ውስጥ ነው። መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንስራ ሥር ቀብረው ነበር የሚያቆዩት። ኡስታዝ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሡም።

"አንድ ትልቅ ማሽን ነው" ይሉኛል፤ "ሆዱ ውስጥ ብዙ ማሽኖች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ ብቻውን ያለ ይመስለዋል። ዲስኩ ግን አንድ ነው። ሲሊንደር በሚባል ቁራጭ ተቆጥሮ ተቀምጧል። አንተ ለአንዱ ከዚህ እስከዚህ፣ ለሌላው ከዚያ እስከዚያ ትሰጣለህ። የተሰጠውን ቁራጭ እሱ ሙሉ ዲስክ ነው ብሎ ያምናል።"

"ታዲያ የቀበሌ የቦታ ሽንሸና ነው በሉኛ!" አልኳቸው።

"ነው፤ ጉቦ የለበትም እንጂ።"

እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ ፈታኝ ሆኜ አፋጥጣቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እጄን እንዳፍታታ ለእኔ ይተዉልኛል። የመጀመሪያዋን ሲሊንደር ለማንም እንዳልሰጥ አስጠነቀቁኝ፤ የዲስኩ መለያ ስም የተጻፈው እሷ ላይ ነው። እሷን ትቼ ለሁለት ማሽኖች ከፈልኩ። ሁለቱም ተነሡ፤ ኩራቴ ለጉድ ነበር። የሁለተኛውን ማሽን ቁራጭ ፎርማት ሳደርግ የመጀመሪያው ማሽን መጨረሻ ላይ የነበረው ፋይል ድራሹ ጠፋ። ኡስታዝ ቁጥሮቹን አዩና አንዱ የሚያልቅባት ሲሊንደርና ሌላው የሚጀምርባት አንዲት እንደሆነች አሳዩኝ።

"ለምን እንዲህ አደረግህ?"

እውነቱን ነገርኳቸው። ሸሕዲ አጠገብ ያለው የአባቴ የሰሊጥ እርሻ ከጎረቤቱ የሚለየው በአንድ ግራር ነው። አባቴ ሲለካ እስከ ግራሩ ብሎ ግራሩን ይጨምራል፤ ጎረቤቱም ከግራሩ ብሎ ግራሩን ይጨምራል። በአረም ጊዜ የሁለቱም ሠራተኞች ምሳ የሚበሉት ግራሩ ሥር ነው፤ በዚህ ተጣልቶ የሚያውቅ የለም። ወሰን ሲባል በእኔ ጭንቅላት የሚመጣው ይኸው ነው። ኡስታዝ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ዲስክ ላይ የጋራ ዛፍ የለም" አሉኝ፤ "አንዱ መቶ ላይ ከቆመ ሌላው ከመቶ አንድ ይነሣል፤ ኸላስ፣ አለቀ።" ከዚያ ወዲህ ቁጥር በጻፍኩ ቁጥር "ግራሩን የት አደረግኸው?" እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። ከአባቴ በቀር እንደዚያ ታግሦ ያስተማረኝ ሰው አላውቅም፤ እወዳቸው ነበር።

የመተማ ኢንተርኔት በዚያን ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ፈተናውን ለመፈተን ጎንደር መድረስ ያስፈልጋል። ከመጠለያው የይለፍ ወረቀት በስንት ደጅ ጥናት አወጡ፤ እኔም ሰሊጥ የጫነ የማውቀው ሾፌር አናገርኩላቸው። ፈተናው ከነገ ወዲያ፣ መኪናው የሚወጣው ዛሬ ከምሳ በፊት ነው።

እናቴ ይህን ስትሰማ ለስንብት በግ ገዛች። እኛ ክርስቲያን ስለሆንን ጎረቤታችን ሙስሊሙ ነጋዴ አረደላት፤ ድስቱንም ከባለቤቱ ተዋሰች። ሥጋው ገና ሳይበስል የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ቤታችን ተቀምጠው የነበሩት ኡስታዝ ቦርሳቸውን አንሥተው ቆሙ።

"ኸረ የት ሊኬድ ነው በባዶ ሆድ?" አለች እናቴ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩን ዘግታ።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ሎሪው ሊሄድ ነው።"

"ይሂዳ! ነገ መኪና የለም? ለእርስዎ ብየ አሳርጀ፣ ድስት ተውሸ የሠራሁትን ለማን ላብላው? በሞቴ! እኔን አፈር ያርገኝ፣ ይቀመጡ!"

በሞቴ ተብሎ የሚነሣ ሰው በእኛ አገር አላየሁም። በእሳቸውም አገር የለም፤ እዚያ እንዲያውም እንግዳ የሚያስቀረው ሰው "ካልበላህ ሚስቴን እፈታለሁ" ብሎ እንደሚምል አጫውተውኛል። ኡስታዝ ወደ እኔ ዞሩ። በእውነትም ነገ ሌላ መኪና ነበር፤ እሱም ቢሆን ለፈተናው ያደርሳል። "ይቀመጡ፣ ነገ ይደርሳሉ" አልኳቸው። ቦርሳውን አስቀመጡና እጃቸውን ታጠቡ። ምሳው ደስ የሚል ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት በጎንደሩ መንገድ ከሸሕዲ ወዲያ ተኩስ ተከፈተና መንገዱ ተዘጋ። የሚወጣም የሚገባም መኪና ጠፋ። እናቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም! ትላንት ሂደው ቢሆን ይኸኔ መሐል መንገድ ላይ ነበሩ" አለች። ኡስታዝም "አዎ፣ አልሐምዱሊላህ" አሏት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። እንደ ወትሮው መጥተው ዳሷ ሥር ተቀመጡ፤ ላፕቶፑን ከፈቱ፤ ፈተናው በሚጀመርበት ሰዓት መለማመጃው ላይ ሥራውን ጀመሩ። ዲስኩን ሰየሙ፤ ለየማሽኑ ቆረጡ፤ ቁጥሮቹን ጻፉ፤ ፎርማት አደረጉ፤ ማሽኖቹን አንድ በአንድ አስነሡ። አንዲት ስሕተት አልነበረባቸውም። ሲጨርሱ በመጎናጸፊያቸው ስክሪኑን ጠረጉና ዘጉት። ሰው የሚቆጣበት ሲያጣ እንደሚያደርገው፣ ኮፒ ሊያደርግ የመጣውን ምስኪን ደንበኛ ጮኽኩበት።

መንገዱ ሲከፈት ያ ሾፌር ተመለሰ። የምሳው ዕለት ማምሻውን፣ ያለ ምንም ኮሽታ ጎንደር ገብቶ ነበር። ለኡስታዝ አልነገርኳቸውም፤ ግን ራሳቸው ጠይቀውት ኖሯል። ከዚያም ኩባንያው ሌላ ሰው መውሰዱን የወንድማቸው ልጅ በሰው ላከባቸው። "ማሊሽ" አሉኝ፣ ግድ የለም ማለታቸው ነው። ክረምቱ ሲገባ የባለቤታቸው ሕመም በድንኳኑ ውስጥ ጠናና ሁለቱም ድልድዩን ተሻግረው ወደ ሱዳን ተመለሱ። ባለቤታቸውን ደግፈው ሲሄዱ እኔ እስከ ኬላው ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም፤ ከጋላባት የሚመጣውን ሁሉ ብጠይቅም "አየኋቸው" ያለኝ የለም።

ያንን ምሳ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። እናቴን ልወቅሳት አልችልም፤ ያላትን ሁሉ ነው ያበላችው። እኔም ብሆን ያልኩት እውነት የመሰለኝን ነው። ግን በሩን ከፍቼ "ይሂዱ" ብል ኖሮ እናቴ ቢበዛ ሦስት ቀን ታኮርፈኝ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእኔም ጩኸት እንደዚያ ነው።

እናቴ እስከ ዛሬ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድን እንግዳ በበግ ወጥ ከጥይት እንዳዳነች ታወራለች። በቀደም እንዲሁ ስታወራ ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና "ለመሆኑ ኋላ ያን ሥራቸውን አገኙት?" አለችኝ።

"አገኙት።"

"ባለቤታቸውንም ወሰዱ?"

"ወሰዱ፣ እማ" አልኳት። "ተመስገን" ብላ ወሬዋን ቀጠለች።