በየክረምቱ የሚታሰረው የስፌት ማሽን

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሚዛን ተፈሪ ገበያ ዳር፣ ከአንድ ባለሱቅ በረንዳ ላይ ማሽኑን ዘርግቶ ሲሰፋ ላየው ሰው ከሱ የበለጠ ታታሪ የለም። እውነትም አልነበረም። ጣጣው የሚጀምረው ከማሽኑ ሲነሳ ነው።

በኛ አገር የገንዘብ መልኩ የሚታየው ቡና ሲለቀም ነው። ያኔ ከሸዋ ቤንችም ከየመንደሩም ሰው ቡናውን ሸጦ ይመጣና ለራሱ ሱሪ፣ ለሚስቱ ቀሚስ ያሰፋል። ካድሬው ደግሞ ለስብሰባ የሚያምርበት ካኪ ኮት ያዛል። በነዚያ ጥቂት ወራት ባለቤቴ ንጉሥ ነው። ንጉሥ የሚባል ነገር በማይወደድበት ዘመን ማለቴ ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ «ለሁሉም ቅዳ!» ይላል። ቅርጫ ሲባል፣ እኛ ከነልጃችን ሦስት ነፍስ ነን፣ እሱ ሁለት መደብ ይይዛል። አንድ ዓመት የእጅ ሰዓት ገዛ። «ቀጠሮ የሌለህ ሰው፣ ሰዓት ምን ያደርግልሃል?» ብለው፣ «ሰዓት እላፊ እንዳይዘኝ ነዋ!» አለኝ። መቼም መልስ አያጣም። በማግስቱ ዓመት ቴፕ ገዛ። ባትሪው ሲያልቅ መተኪያ ስላልነበረን ዳንቴል አልብሰን ቁጭ ብለን እናየው ጀመር።

ከዚያ ሰኔ ይገባል። ክረምት ላይ ልብስ የሚያሰፋ የለም፤ ሁሉም የሚበላውን ነው የሚፈልገው። ንጉሡም ማሽኑን ከነጠረጴዛው አሸክሞ ባለሱቁ መጋዘን ይከትና እሱን መያዣ አድርጎ ይበደራል። ጥቅምት ላይ ባለሱቁ በእምነት ይለቅለታል፤ ሰፍቶ ግማሹን ይከፍላል፤ ግማሹን ለከርሞ ያሳድረዋል። በየክረምቱ እንዲህ ነው።

«ምን አለበት?» ይለኝ ነበር። «እኛ ቤት ከሚንጠባጠብበት እዚያ ቆርቆሮ ሥር ቢከርም ይሻለዋል።» አቤት አሳቢነት! ማሽኑ ቆርቆሮ ሥር ይከርማል፤ ልጄ ከሚያፈሰው ሣር ቤት፣ ጠብታውን ከምንቀበልበት ሳፋ አጠገብ ታድራለች።

ልጃችን ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ዝናቡ ጠንከር ሲል ደረቷ ይታፈናል፤ ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል። ታቅፌያት ቁጭ ብዬ የማነጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ጤና ጣቢያ፣ ቁስል አጣቢው ድሬሰር ዘንድ ባመላልሳት፣ «እህቴ፣ የዚች ልጅ መድኃኒት ደረቅ ቤት ነው። እሱ ደግሞ እኔ ጋ የለም» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሬ የጓሮ ቡናዬን አድርቄ፣ ኮረሪማ ለቅሜ እየሸጥኩ በወተት ጣሳ ለቆርቆሮ ማጠራቀም ያዝኩ። ጣሳው የት እንዳለ ባለቤቴ አያውቅም። ቢያውቅማ ለሌላኛው እጁም ሰዓት ይገዛ ነበር።

ጣሳዬ ሞላ ብዬ ደስ ባለኝ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ባለሱቁ አስጠራኝ። ከጉራጌ አገር የመጣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ትዕግሥቱ አልቋል።

«እትዬ፣ ዕዳው ዓመት ዓመቱን እየወለደ ነው» አለኝ። «ከቴፒ የመጣ ሰው ማሽኑን ልግዛህ ብሎኛል። ቡና ለቀማው ሳይጀምር ካልከፈላችሁ እሸጠዋለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ።»

እንግዲህ ምረጪ ተባልኩ። ማሽኑ ከሄደ የምንበላው የለም። ገንዘቡ ከሄደ ልጄ ሌላ ክረምት ሳፋ አጠገብ ልትከርም ነው። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ ጭንቅላቴ ይሠራል።

ገንዘቡን ለባለቤቴ ብሰጠው ማሽኑን ያስፈታዋል፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ መልሶ ያሳስረዋል። ስለዚህ ጣሳዬን ይዤ በቀጥታ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ።

«እንካ፣ ዕዳው ይኸው። ማሽኑ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው። ለባሌ ግን በዕዳው ወርሼዋለሁ በለው። መስፋት ከፈለግህ በየገበያው ቀን ኪራይ ክፈል በለው። ኪራዩን ለኔ ታቀብለኛለህ።»

ባለሱቁ አፉን ይዞ ሳቀ። «እትዬ! ባልሽን ልታከራዪ?»

«ማሽኑን ነው እንጂ። እሱንማ ማን ይከራየኛል!»

ያን ቀን ማታ ባለቤቴ እየተንጨረጨረ ገባ። «ወረሰኝ! ያ ደም መጣጭ ማሽኔን ወርሶ በገዛ ማሽኔ ኪራይ ክፈል አለኝ!» እኔም «አይ ጊዜ! አይ ሰው!» እያልኩ እራቱን አቀረብኩለት። ቢሆንም ምን ምርጫ አለው? ሰፋ፤ ከፈለ፤ ኪራዩም ዞሮ ጣሳዬ ውስጥ ገባ። ያን ዓመት ጠጅ ቤቱ ደንበኛውን ናፈቀ። ቅርጫም አንድ መደብ ያዝን፤ ለካስ አንድ መደብም ያጠግባል!

አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ ሊበላሽብኝ ነበር። «ነገ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የባለሱቁን በዝባዥነት አጋልጣለሁ!» ብሎ ባለቤቴ ተነሳ። በዚያ ዘመን በዝባዥ ተብሎ ስሙ የተነሳ ነጋዴ ምን እንደሚጠብቀው እናውቃለን። ያ ምስኪን ደግሞ ያደረገው ሁሉ ለኔ ብሎ ነው።

«ጎሽ፣ አጋልጥ» አልኩት ረጋ ብዬ። «እነሱም ማሽኑን ይወርሱታል። ከዚያ ቀበሌው ቁጭ ብሎ ይስፋበት፤ አንተም በነፃ ታጨበጭባለህ።»

ኮቱን አውልቆ ተኛ። ስብሰባው ላይም እጁን ያወጣው ከሌላው ጋር አብሮ «ይውደም!» ለማለት ብቻ ነበር።

ግንቦት ላይ ከጅማ በመጣ መኪና ቆርቆሮዬ ደረሰ። አናጢው ሣሩን አውርዶ ቆርቆሮውን ሲመታ ባለቤቴ አንጋጦ እያየ ከየት አመጣሽው አለኝ።

«ከእንቁላል ሽያጭ» አልኩት።

ሦስት ዶሮ ነበሩን፤ አንዱ ደግሞ አውራ ነው። «ሴት ልጅ ግን ስታጠራቅም!» ብሎ አመነኝ። ስለ ጨርቅ የሚያውቀውን ያህል ስለ ዶሮ ቢያውቅ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው መንጓጓት ጀመረ። ባለቤቴ እንደልማዱ ብድግ ብሎ ሳፋውን አመጣና መሐል ወለሉ ላይ አስቀመጠው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ምንም አልወረደም። ጎንበስ ብሎ በእጁ ውስጡን ዳበሰው፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ወደ ልጃችን ዞረ። አፏን ገጥማ፣ ሲር ሲር ሳትል፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። ጆሮውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

«ያ ሰውዬ በኪራይ ባይበላኝ ኖሮ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ለዚህች ቤት አንድ ቆርቆሮ አዋጣ ነበር።»

አንጀቴን በላው። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ያንተ ነው፣ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ያንተ ላብ ነው ልለው ነበር። ግን ሰኔ ገና መግባቱ ነው። ማሽኑ የራሳችን መሆኑን ከሰማ ነገ ጧት መያዣ ሊያደርገው ተሸካሚ ይጠራል።

«ግድ የለም፣ ዋናው ጤና ነው» አልኩትና ሳፋውን አነሳሁ።