የእትዬ ዘሀራ ጥቁር አፈር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዶማና አካፋ ተሰጠኝ። ዘመኑ ጥሊያን አገሩን የያዘበት ነው። ቦታው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ቀወት ውስጥ ነበር። እኔ የድንጋይ ከሰል ልቆፍር ነው ብዬ ብመጣ፣ ጥሊያን ያስቆፈረውን ጉድጓድ መልሳችሁ ሙሉ ተባልን። «ሰው የቆፈረውን ለምን ይሞላል?» ብዬ አስተርጓሚውን ብጠይቀው «እኔ ምን አውቄ! ሙላ ተባልክ፣ ሙላ!» አለኝ።

ጉድጓዱ ያለው በእትዬ ዘሀራ ማሳ ላይ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ከዚያች ማሳ ሌላ መሬት የላቸውም። «ማሽላ ካላበቀለልኝ ደብረ ሲና ልጄ ቤት ሄጄ በብርድ መሞቴ ነው» ይሉን ነበር።

ከጉድጓዱ የወጣው ሁለት ክምር ነው። ቀዩ ከላይ የተነሣው አፈር፣ ጥቁሩ ከሥር ከከሰሉ ጋር የወጣው። የቱ ከላይ ይሁን ብለን የሥራ አለቃችንን፣ ጥሊያኑን ካቦ፣ አስጠየቅን። ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

በኛ አገር ጥቁር አፈር ማለት እህል ማለት ነው። እትዬ ዘሀራም «ጥቁሩን ከላይ አልብሱልኝ፣ ልጆቼ» አሉ። እኛም ደስ ብሎን በባሬላ እየተሸከምን አለበስነው። ሲያዩት እንዴት ያምር ነበር!

ማሽላው ገና ከመሬት ብቅ እንዳለ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። ምን እንደነካው የገባው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን እትዬ ዘሀራ የማሳውን ዳር ሲያዩ፣ ከባሬላ የፈሰሰ ቀይ አፈር ላይ አረም ለምልሟል። «ኧረ ጉድ! ሀብቴን በእጄ ቀበርኩት!» ብለው ቁጭ አሉ። አንጀቴን በሉት። ቆፍረን እናውጣላቸው ብንል ካቦው ከለከለን።

ከርሞ ሌላ ካቦ መጣ። «ይሄን ማን ሞላው? ቆፍሩ!» አለ። ራሴ ዞረ። ቆሜ ሳይ እትዬ ዘሀራ «ምን ይገትርሃል? ቆፍር እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ። ያኔ ገባኝ። ቀዩ ላይ ስንደርስ ለብቻው ከመርነው።

ከሰሉ ወጣ። ካቦው ሊሞክረው እሳት ለኮሰበት። ከነደደ ቁፋሮው ሊቀጥል ነው፤ ማሳው ቀረ ማለት ነው። እትዬ ዘሀራ ከኋላዬ ቆመው «ያ ረቢ፣ እንዳይነድ አድርገው» ይላሉ፤ እኔ በበኩሌ ማርያምን እለምናለሁ። በጭስ አስለቀሰን እንጂ አልነደደም። ካቦው ተሳደበና «ሙሉት!» አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው እትዬ ዘሀራ እልል አሉ። ካቦው ግራ ገብቶት አያቸው።

ጥቁሩን ከሥር፣ ቀዩን ከላይ አደረግነው። በቀጣዩ ክረምት ማሽላው ከቁመቴ በለጠ። እትዬ ዘሀራም ደብረ ሲና አልሄዱም።

ጥሊያን ምን ይፈልግ እንደነበር ዛሬም አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጉድጓድ ሞልቻለሁ። ስትቆፍሩ መጀመሪያ የሚነሣውን አፈር ለብቻው ከምሩት፤ ስትሞሉ መጨረሻ መልሱት።