ቶንካትሱ የሚያሳርሩት ደንበኛዬ

ሽማግሌው ዓርብ ዓርብ ከረባታቸውን አስረው ኦሳካ ገበያ ውስጥ ካለው ሥጋ ቤቴ ይመጣሉ። በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የተጠበሰው ቶንካትሱ አፍንጫቸው ሥር ተደርድሮ ሳለ፣ ጥሬ የአሳማ ሥጋ ያስቆርጡኛል።

«ያለፈውም አረረብኝ» ይላሉ፣ እኔ ያሳረርኩባቸው ይመስል።

ሥጋውን ያድርቁት፣ ከዱቄቱ በኋላ እንቁላል ያስነኩት፣ እሳቱን ይቀንሱ ብዬ ብዬ ደከመኝ። ዛሬ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባቴ፣ ዘይቱ መንጫጫቱን ሲቀንስ ያውጡት አላልኩም? ካልሆነልዎ የተጠበሰውን ለምን አይወስዱም?»

የከረባታቸውን ቋጠሮ ነካ ነካ አደረጉ። «የተጠበሰው ዝም ይላል፤ ቤቱም ዝም ነው። ይሄኛው ሲንጫጫ ግን ሰው ያለበት ይመስላል።»

እያጉረመረምኩ ቢላዬን አነሳሁ። ቶሎ እንዳይበስል ወፈር አድርጌ ቆረጥኩላቸው።