የመምህር ሙሀይሚን ቀይ እስክሪብቶ

መምህር ሙሀይሚን ሀያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ በቀይ የጻፉትን ነጥብ ሰርዘው አያውቁም። ነጥብ የሚለምን ወላጅ ቢመጣ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ቀይ ገብቷል።" ቡታጅራ ውስጥ ይህን አባባል የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል እሠራለሁ። መምህራን የሰጡትን ውጤት ወደ ሮስተር እገለብጣለሁ። ትምህርቴ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ስላላለፈ ስለ እሳቸው ለመጻፍ የምመጥን ሰው አይደለሁም። ግን ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፤ ሌሎቹ ሁለቱ አይጽፉትም።

ሰኔ ላይ ነው። የእኛና አንድ የወልቂጤ ትምህርት ቤት የአስረኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ተለዋወጡ፤ መምህር የራሱን ተማሪ እንዳያርም ተብሎ። ስም ያለበት ጥግ ታጥፎ በስቴፕለር ይመታል፤ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው። ከሃምሳ በታች ያመጣ ክፍሉን ይደግማል።

መምህር ሙሀይሚን ሰዋስዉንና የምንባቡን ጥያቄዎች አርመው ጨርሰው፣ መምህራኑ ሰመሪ ወደሚሉት ክፍል ደረሱ። ስለ አንድ መንደር የውኃ ጉድጓድ የተጻፈ ረጅም ምንባብ ነበር። ተማሪው ከሃምሳ ባልበለጡ ቃላት አሳጥሮ በራሱ አነጋገር ይጽፈዋል፤ ከአስራ አምስት ይታረማል። ከአንድ ክፍል ከመጡት ወረቀቶች ውስጥ ዘጠኙ ቃል በቃል አንድ ሆኑባቸው። ጉድጓዱ አራት ዓመት ፈጀ ይላል ምንባቡ፤ ዘጠኙም ስድስት ዓመት ብለዋል።

"ዘጠኝ መንታ!" አለች ከፊት ለፊታቸው የምታርመው መምህርት ሕይወት። "እናታቸው ጀግና ናት።"

ደንቡ ግልጽ ነበር፤ መልሱ አንድ ከሆነ ለሁሉም ዜሮ። ዘጠኝ ዜሮ በቀይ አከታትለው ጻፉ።

ወረቀቶቹ ወደ እኔ መጡ። ከዘጠኙ አንዱ የሆነው ቁጥር 217 ጋ ስደርስ ድምሩ አርባ አራት ነበር። ወረቀቱ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነው። በተሰረዘው ጽሑፍ ጎን በትንንሹ 71፣ ከዚያ 58፣ ከዚያ 50 ተብሎ ተጽፏል።

"ጋሼ፣ እነዚህ ቁጥሮች ምንድን ናቸው?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ አዩት። "ቃል ነው የተቆጠረው" አሉ በመጨረሻ። "መጀመሪያ ሰባ አንድ ሆነበት። ቀነሰ፣ አሁንም በዛበት። እንደገና ቀነሰ።" ሌሎቹን ስምንት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸው። ሁሉም ንጹሕ ናቸው፤ አንድ ስርዝ የለባቸውም። "የሠራው ይኸኛው ነው። ሌሎቹ ገልባጮች ናቸው።"

"ቢሠራም አስኮርጇል" አለች ሕይወት።

"ከኋላው ሆነው አይተውበት ቢሆንስ?"

"እንግዲያው ይሰርዙታ!" ብላ ሳቀች። "ስንት ሊሰጡት ነው?"

"ስምንት ይገባዋል።"

"አርባ አራት የነበረው ሃምሳ ሁለት ሆነ ሲባል፣ ያውም በመምህር ሙሀይሚን እጅ! አምና ነጥብ ጨመረ ተብሎ ኮሚቴ ፊት የቆመውን ሰው ረሱት?"

ሳቋ ነው መሰለኝ የጎዳቸው። እስክሪብቶውን ከፈቱት፤ ወረቀቱ ላይ አስጠጉት። ከዚያ ክዳኑን መልሰው ከደኑት። "ቀይ ገብቷል" አሉ፤ ማንንም ሳያዩ።

እኔም አርባ አራት ብዬ ገለበጥኩ። አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ወረቀቶቹ ከነውጤታቸው ወደ ወልቂጤ በተመለሱ በአስረኛው ቀን የቅሬታ ደብዳቤ ደረሰን። የቁጥር 217 ባለቤት ሰልሚያ የምትባል ልጅ ነበረች። "አልኮረጅኩም። ረቂቄ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ያረመው መምህር ይይልኝ" ትላለች። መምህር ሙሀይሚን ቆመው አነበቡት፤ ሲጨርሱም አልተቀመጡም። በማግስቱ እኔን ይዘው በሚኒባስ ወልቂጤ ሄዱ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ገብሬ በክብር ተቀበሉን። "ልጅቱ በጊዜዋ ነው ያመለከተችው" አሉ። "ደብዳቤው ግን እኛው ጋ ሰነበተ። አሁን ሮስተሩ ተዘግቶ ሄዷል፣ ካርዱም ታድሏል።"

"ወረቀቷን ያምጡልኝ።"

መጣላቸው። ዜሮውን በአንድ መስመር ሰረዙ፣ ስምንት ጻፉ፣ ፈረሙ።

"ጋሽ ሙሀይሚን፣ ይኸ ለእርስዎ ነው እንጂ ለእሷ አይሆናትም" አሉ ገብሬ በቀስታ።

ስንወጣ ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ጠበቀችን። ከቡታጅራ መምህር መጣ ሲባል ሰምታ ነው። ሰላምታ ተለዋወጡና፣ "የሰልሚያ እናት ነኝ፣ ከድጄ" አለች። "ልጄ ኮርጃለች?"

"አልኮረጀችም። ከእሷ ነው የኮረጁት።"

"እኔማ ብዬ ነበር!" ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ወዲያው ወረደ። "አባቷ፣ መውደቋስ ይሁን፣ ሌባ ግን አላስተምርም አለ። ሐሙስ ዕለት ጉንችሬ ከተማ ወስዶ እህቱ ሱቅ አስገባት። ደብተሯን እንኳ አልያዘችም። መምህር፣ ይጻፉልኝ። ወረቀት ካየ ምናልባት ይመልሳታል።"

ከያዝኩት ደብተር ገጽ ቀድጄ ሰጠኋቸው። ኪሳቸው ውስጥ የነበረው ያው ቀዩ እስክሪብቶ ነው። ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ "ሰልሚያ አልኮረጀችም። ያጠፋሁት እኔ አራሚው ነኝ" ብለው ጽፈው ስማቸውን አኖሩበት።

ከድጄ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ እንደገና ፊቱን አየች።

"ማህተሙስ?"

መምህር ሙሀይሚን ወደ ቢሮው ዞሩ። ገብሬ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለተዘጋ ውጤት ማህተም አይመታም።

"ማህተም የለኝም፣ እህቴ።"

"ማህተም ከሌለው አባቷ አንቺ ያስጻፍሽው ነው ይለኛል" አለች። ያም ሆኖ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።