ትኬቷን የጣለችው ጠበቃ

ጠበቃ የመረጥኩት በፓርኪንግ ትኬት ነው። የሚስቅ ይሳቅ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ካሸር ሆኜ ዓመታት ተቀምጫለሁ፤ የሰው ፀባይ ከዚያ መስታወት ጀርባ እንደሚታየው ሌላ ቦታ አይታይም። ትኬት የጠፋበት ሰው የሙሉ ቀን ይከፍላል፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። ታዲያ ትኬቱን የጣለ ሁሉ "አሁን ገና መግባቴ ነው" ብሎ ድርቅ ይላል። ጠዋት ሲገባ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ፣ ዓይኔን እያየ ይዋሸኛል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሳትከራከር የከፈለችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሸምገል ያለች፣ አንድ እግሯን ሳብ እያደረገች የምትራመድ ነጭ ሴት ናት። ላይ ፎቅ ቢሮ ከፍታ የቤት ሽያጭና ግዢ የምትጨርስ ጠበቃ መሆኗን ከመግቢያው ሰሌዳ አይቻለሁ። ያን ዕለት ቦርሳዋን በረበረች፣ ትኬቱን አጣችው፣ "የገባሁት ጠዋት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ብላ ከፍላ ሄደች። ይቺን በልቤ ያዝኳት።

ያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። እሱ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ቤት የመግዛቱን ነገር ያመጣው የልቡ ሕመም ነው። በዚያ ዓመት በበረዶው ወራት ደረቱን ይዞት ሆስፒታል ገባ፤ የልቡ ደም ሥር ውስጥ ትንሽ ቱቦ አስገብተውለት ወጣ። "ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ" አለኝ። ትንፍሽ አላልኩም። ግን ከዚያ በኋላ እኔ ሰው አልሆንኩም። ድሮ ሲያንኮራፋ በክርኔ የምጎሽመው ሴትዮ፣ ዝም ሲል የምደነግጥ ሆንኩ። ስልክ ሳያነሳ ከቆየ እጄ ላይ ያለውን መልስ ለደንበኛው እሳሳት ነበር።

እሱ ደግሞ ሳይነግረኝ ቤት መፈለግ ጀመረ። ሪልተራችን፣ ቤት የሚያገናኘን ደላላ፣ የሠርጋችን ሚዜው ነበር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንጋባ ከጎኑ የቆመ፣ ሽቶ የረጨን፣ መኪናውን ያስጌጠልን፣ እስከ ዛሬ "ሙሽሪት" እያለ የሚጠራኝ ሰው ነው። ለእኛ ብዙ ደክሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዊተን ድረስ እየነዳ መጥቶ፣ እስከ ውድብሪጅ ይዞን ዞሯል። በመጨረሻ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ጓሮው ጠባብ የሆነ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ታውን ሐውስ አገኘልንና ሻጮቹ እሺ አሉ።

እዚህ አገር ቤት ሲገዛ፣ ቤቱ ከዕዳ ነፃ መሆኑን መዝገብ አገላብጦ የሚያጣራ፣ የባለቤትነቱን ሰነድ የሚጽፍ፣ ክሎዚንግ በሚሉት የመጨረሻ ቀን አስፈርሞ ቁልፍ የሚያስረክብ ጠበቃ አለ። መምረጡ የገዢው መብት ነው ይላሉ። የእኛ ሰው ግን መች ይመርጣል? ሪልተሩ "የማውቀው አለ" ይላል፣ እሺ ይባላል። ሚዜውም እንደዚያው አለ። "ሙሽሪት፣ ስለ ጠበቃ አታስቢ። ጎበዝ ልጅ አለ፣ ሁሉንም በሩብ ሰዓት ነው የሚያስፈርማችሁ።"

ይኼ ሩብ ሰዓት የሚለው ነገር አልዋጥልኝ አለ። የዕድሜ ልክ ነገር በሩብ ሰዓት? ባለቤቴን "ሌላ ጠበቃ እንይ" ብለው ዞር ብሎም አላየኝ።

"አላመንኩህም ልበለው?"

"አላመንኩህም አትበለው፤ ሌላ መረጥኩ በለው።"

"ለእሱ ያው ነው። በሠርጌ የቆመን ሰው በጠበቃ ላስቀይመው? ይሉኝታ የሚባል ነገር የለሽም እንዴ አንቺ?"

አለኝ እንጂ። ይሉኝታ የለኝም ብል ውሸት ነው፤ ሲያንቀኝ የኖረ ነገር ነው። ግን ከይሉኝታውም ፍርሃቱ በለጠብኝ። በማግሥቱ የምሳ ሰዓቴ ላይ መስኮቴን ዘግቼ ወደ ላይ ወጣሁ። ጠበቃዋ ቢሮ ማንም አልነበረም፤ ጠረጴዛዋ ላይ ግማሽ ሳንድዊች አለ። "የፓርኪንጓ" አለችኝ። ከዩኒፎርሜ ነው ያወቀችኝ መሰለኝ። "ቤት ልገዛ ነው፣ አንቺን መርጫለሁ" አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት።

ለሚዜው የነገርኩት እኔው ነኝ፣ በስልክ። "እንደፈለግሽ" አለኝ። ሙሽሪት አላለኝም። ያቺን የቀረች ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስቆጥራት ከረምኩ። ባለቤቴም ኮስተር አለብኝ፤ ምግብ ሳቀርብለት "እግዜር ይስጥልኝ" ይለኛል፣ እንደ እንግዳ።

ጠበቃዋ ሁለታችንንም ጠራችን። ባለቤቴ ታክሲውን አቁሞ፣ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ወረቀታችንን ስታይ ቆየችና መነጽሯን አወለቀች።

"የአባት ስማችሁ የተለያየ ነው። ባልና ሚስት ናችሁ?"

"እኛ አገር ሴት የባሏን ስም አትወስድም" አልኳት፣ ትንሽ ኮራ ብዬ። "በቤተ ክርስቲያን ነው የተጋባነው።"

"መልካም። የጋብቻ ላይሰንሱን ያወጣችሁት ከየትኛው ካውንቲ ነው?"

ባለቤቴን አየሁት። እሱም አየኝ። የሠርጋችን ቀን በዓይኔ መጣ፤ ካባው፣ ዘውዱ፣ እልልታው፣ አዳራሹ ጢም ብሎ የውጭው ሰው በር ላይ ቆሞ የበላበት ቀን። ላይሰንስ የሚባል የመንግሥት ፈቃድ በዚያ መሐል አልነበረም። እኔ እሱ ያወጣው መስሎኝ፣ እሱ ቄሱ የሚያወጡት መስሎት፣ ቄሱ ደግሞ ሚዜዎቹ ጨርሰውታል ብለው ይሆናል። ያን ሁሉ ዓመት ባልና ሚስት ነን ብለን፣ ለመንግሥት አንድ ቤት የተከራየን ሁለት ሰዎች ኖረናል።

ጠበቃዋ ቀስ ብላ አስረዳችን። ምናልባት አንድ ዳኛ የቤተ ክርስቲያኑን ይቀበለው ይሆናል አለች፤ "እኔ ግን ምናልባት ብዬ ሰነድ አልጽፍም።" ባልና ሚስት ተብሎ ከተጻፈ አንዳችን ብንሞት ቤቱ ሙሉውን የቀሪው ነው። ባልና ሚስት ሳይባል "የቀሪው ይሁን" ብሎ መጻፍም ይቻላል፣ ግን ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነው፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ደርሶ ቢከሰስ ድርሻውን ከሳሽ ሊወስደው ይችላል፤ የባልና ሚስትን ግን አይነካም። ዝም ተብሎ በሁለት ስም ብቻ ከተጻፈ ደግሞ፣ ሲሞት ግማሹ የእናቱ ነው። "ኮርት ሄዳችሁ ላይሰንስ አውጥታችሁ ተጋቡና ተመለሱ። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ቀን ያልቃል። ክሎዚንጉ ሳይደርስ ግን ይሁን።"

ቀላል ነገር ነው። ባለቤቴ ግን አሳንሰሩ ውስጥ "አላደርገውም" አለ።

"ምኑን?"

"እኔ በቁርባን ያገባሁ ሰው ነኝ። ዛሬ በሽበቴ ፈረንጅ ፊት ቆሜ፣ ያ ሁሉ ውሸት ነበር ብዬ አልፈርምም።"

ለመንኩት። ተቆጣሁ። እቤት ደርሰን፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ከአፌ የማይወጣው ወጣ፤ "ብትሞትብኝስ?" አልኩት።

"እንዲህ ነው እንግዲህ የምታስቢው" አለኝ። "ገና ሳልሞት ቤቱን እያካፈልሽ ነው።" ያንን ሲለኝ የተሰማኝን ዛሬም ብናገረው አይወጣልኝም። እውነትም ሞቱን የምጠብቅ መሰለኝ። ለቤቱ አልነበረም የፈራሁት፤ እናቱን እወዳቸዋለሁ፣ በስልክ "ልጄ" ነው የሚሉኝ። የፈራሁት እሱ ከሄደ በኋላ፣ እዚያ ቤት በሰው ፈቃድ የምቀመጥ ሰው መሆኔን ነው። ከእርሳቸው ጋር ቤት ስለመካፈል መነጋገሩን ነው። ይኼን ለእሱ እንዴት አድርጌ ልንገረው? ክሎዚንጉ እየቀረበ መጣ፣ እሱ ቤት ውስጥ ቃል አይተነፍስም። መስታወቴ ጀርባ ሆኜ መኪና ሲገባና ሲወጣ እያየሁ፣ ሁሉንም ነገር ትተን እዚያው ስካይላይን ብንቀር ይሻላል እል ነበር።

በመጨረሻ ያስቀየምኩት ሰው ጋር ሄድኩ። ሚዜው ሲልቨር ስፕሪንግ ባለች ቢሮው ተቀምጦ ነበር። ሳይነሳ ሰላም አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ላይሰንሱ፣ ስለ ልቡም ጭምር። ትንፍሽ እንዳትይ የተባልኩትን ተነፈስኩ። የልቡን ሲሰማ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ስለ ላይሰንሱ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ደጋግሞ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

"ሙሽሪት" አለኝ በመጨረሻ። "ይኼ የሚዜ ሥራ ነበር። ላይሰንሱን እንድታወጡ ካውንቲ መውሰድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለመኪናው አበባ ስፈልግ ነው የዋልኩት።"

እዚያው ስልክ አነሳ። ለባለቤቴ ስለ ልቡ አንድም ቃል አልተናገረም። "ያኔ ያልጨረስኩልህ ሥራ አለ" አለው። "ሰው ሳይሰማ ልጨርሰው። ሐፍረቱ የኔ ነው፣ እንቢ ካልከኝ ይዤው እኖራለሁ።" ባለቤቴ የመለሰው አልተሰማኝም። ሚዜው ስልኩን ዘግቶ "ሐሙስ" አለኝ።

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። እንባዬን አይቶ እንቢ ያለ ሰው፣ ለሚዜው ይሉኝታ እሺ አለ። ግን እሺ ብሏል፣ ምን አደርጋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ኮርት ደረስን። ሚዜው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አንጠልጥሎ ቆሞ ጠበቀንና ከረባቱን በባለቤቴ የታክሲ ሸሚዝ ላይ አሰረለት። እኔ የሥራ ዩኒፎርሜ ላይ ነጠላ ጣል አድርጌ ነበር። ላይሰንሱን አወጣን፤ የሚያጋቡት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበሩ፣ ጎኑ የተሸበሸበ ወረቀት ይዘው ያነባሉ። "ሞት እስኪለያችሁ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ጥሎኝ የሚወጣ መሰለኝ፣ ነጠላዬን ጨብጬ ያዝኩ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ እንጂ ሽማግሌውን አላየም፣ "እሺ" አለ፣ በአማርኛ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ጠበቁ። ሚዜው "ያው እሺ ማለቱ ነው" ብሎ ተረጎመላቸው።

ክሎዚንጉ ላይ ጠበቃዋ አላጣደፈችንም። እያንዳንዱን ገጽ አስረዳችን። ሰነዱ ላይ ስትደርስ፣ "ባልና ሚስት ይላል። ከሁለት አንዱ ቢሞት ቤቱ በሙሉ የቀሪው ነው። ገብቷችኋል?" አለች።

እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ። "ገብቶኛል" አላት። "እሷ ማንንም አትለምንም ማለት ነው።" ፈረመ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ እኔ እጅ ውስጥ አደረገው።

ቤቱ ውስጥ አብረን የኖርነው ጥቂት ዓመት ነው። ጓሮው ላይ ጎመን ተከለ፣ በረንዳውን ቀባ፣ ሲያንኮራፋ መጎሸሜን ቀጠልኩ። አንድ ጠዋት ኤርፖርት ወረፋ ላይ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ሄደ።

ለቅሶው ላይ ወንድሙ ከአዲስ አበባ መጣ። ደህና ሰው ነው፣ ከልቡ አለቀሰ። ሰው ቀለል ሲል ግን አጠገቤ ቁጭ አለና፣ በትሕትና፣ "ቤቱን እንግዲህ እንዴት እናድርገው?" አለኝ። እናድርገው ነው ያለው። ሚዜው ማዶ ተቀምጦ ነበር፤ አየኝ።

"ቤቱ የኔ ነው" አልኩት። "ወንድምህ ጨርሶት ነው የሄደው።"

ወንድሙም "መልካም አድርጓል" አለ። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጠበቃዋ ፊት "ማንንም አትለምንም" ሲል፣ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር እንጂ ሞቱን የሚፈራው፣ እሱም እንደኔ ቀኑን ሲጠብቅ ነበር የኖረው፤ ከእኔ ደብቆ፣ ብቻውን።