አባቴ የተቀመጠበት ጠረጴዛ

ካዛንቺስ ሳይፈርስ፣ እዚያ ባለ አንድ የባህል ምግብ ቤት ተወዛዋዥ ነበርኩ። ሥራ የምንጀምረው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከመድረክ ጀርባ ልብስ የምንቀይርባት ክፍል ከቁም ሣጥን አትበልጥም፤ የትግርኛውን ቀሚስ አውልቄ የጉራጌውን ሻሽ እስካስር ክርኔ ሁልጊዜ ግድግዳ ይመታል። ቤት ውስጥ ግን ሥራዬ ሌላ ነበር። ለአባቴ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ነኝ ብዬዋለሁ።

አባቴ ቂርቆስ አካባቢ የተከበረ ሰው ነው፤ ማኅበር ይጠጣል፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሃያ ምናምን ዓመት ሠርቷል። ምሽት ቤት የምትጨፍርን ሴት የሚጠራበት አንድ ቃል አለው፤ እዚህ አልጽፈውም። ቢያውቅ ከቤት እንደሚያስወጣኝ አልጠራጠርም ነበር። ስለዚህ በየምሽቱ መድረክ ላይ ከመውጣቴ በፊት መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ እንግዶቹን አንድ በአንድ አያለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ትስቅብኛለች።

«ማለቴ፣ አባትሽ እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል? በቃ፣ ተረጋጊ።»

አንድ ሐሙስ መጣ። ጡረታ የወጣ ባልደረባቸውን ለመሸኘት ስምንት ሆነው ገብተው ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ክው አልኩ። ለቤቱ ኃላፊ አሞኛል አልኩት።

«ሁለት ሴት ብቻ ናችሁ፤ ማንን ላውጣ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ጠላሁት።

ትግርኛውን ፊቴን ወደ ግድግዳ እያዞርኩ እንደምንም አለፍኩት። ጉራጌው ላይ ጓደኛዬ ጀርባ ተደበቅሁ። እስክስታው ሲደርስ ግን ማምለጫ የለም፤ ወደ እንግዶቹ ወርደን፣ ፊታቸው ቆመን ትከሻችንን እየመታን ማስነሳት አለብን። እንግዳው እስኪነሳ ወይም እምቢ እስኪል ድረስ ዞር ማለት አይፈቀድም። የፊተኞቹ ጠረጴዛዎች ደግሞ የኔ ድርሻ ናቸው።

አባቴን ላለማየት እየሞከርኩ በቀጥታ ወደ ጡረተኛው ሄድኩ። ሰውየው እየሳቀ በጣቱ አባቴን አሳየኝ።

«መጀመሪያ እሳቸውን አስነሽልን። በወጣትነታቸው ለጨዋታ የሚያህላቸው አልነበረም።»

ጠረጴዛው በሙሉ አጨበጨበ። ሄጄ አባቴ ፊት ቆምኩ፤ ትከሻዬን መታሁ። ቀና አለ። ወዲያው ነው ያወቀኝ፤ ብርጭቆውን ሊያነሳ የዘረጋው እጅ ባለበት ቀረ። አሁን ይነሳል፣ በክንዴ ጎትቶ ያስወጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። መምታቴን ቀጠልኩ። ባልደረቦቹ አሁንም ያጨበጭባሉ።

«እኔ ይቅርብኝ፣ እህቴ» አለኝ። «ጉልበቴን ያመኛል።»

አባቴ አስተናጋጇንም፣ የታክሲ ረዳቷንም፣ መንገድ የምትጠይቀውንም፣ ወጣት ሴት ከሆነች ሁሉንም «ልጄ» ነው የሚላት። እጅ ነስቼ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፍኩ። ያን ያህል ወራት ቁጣውን ስፈራ ኖሬ፣ ያን ምሽት ምነው በተቆጣኝ አልኩ።