ቀበሌ የፈለጋት ቀይ ጊታር

በ1969 ዓ.ም. ሃያ ዓመቴ ነበር። ዛሬም ቤቴል ታክሲ ተራ ላይ ጊታር ያዘለ ወጣት ሳይ እጄን ያልበኛል፤ ሽማግሌ ሆኜም አልተወኝም።

ያኔ ኮልፌ ውስጥ የጣልያን ኤሌክትሪክ ጊታር የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። በጋራዡ ተቀጥሬ የምሠራለት ጣልያን አገሩ ሲገባ ሰጠኝ። እንደ አኮርዲዮን በሚያብረቀርቅ ቀይ ፕላስቲክ የተለበጠች ነበረች፤ ደረቴ ላይ ስትሞቅ ናፍታሊን ናፍታሊን ትሸት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር በራችን ላይ ቆመ።

«ጓድ፣ ጊታሯ ለኪነት ቡድናችን ትፈለጋለች። ነገ ጠዋት አምጣ።»

«የኔ ናት» አልኩት።

«የኔ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ አልሰማህም?» ብሎ ሳቀና ሄደ። ሳቁ ይበልጥ አስፈራኝ።

አባቴ ከጓዳ ሰምተው ኖሮ ወጡ።

«አንተ ደረቅ! እሷን ቢወስዱ እንጨት ናት። አንተን ቢወስዱ እናትህን ምን እላታለሁ?»

ውጭ እንዳይሰማ የድምፅ ማጉያዋን ሳልከፍት፣ ጆሮዬን እንጨቷ ላይ ለጥፌ እስኪመሽ መታኋት።

በማግስቱ ጠዋት፣ በዚያ ዘመን የትም የማይገኙትን ክሮቿን አንድ በአንድ ፈትቼ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩና፣ ራቁቷን የቀረችውን ጊታር አቅፌ ወደ ቀበሌ ሄድኩ።